እማማ ብርኽቲ እና ያ የሰኞ ዳዊት

አባባ ገብረዋሕድ ዳዊት ሲደግሙ አውሮፕላን ከመጣ ያቆማሉ። ሰፈራችን ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጀርባ ስለሆነ ቆርቆሮውን እያንቀጠቀጠ ነው የሚያልፈው። አባባ ጣታቸውን መስመሩ ላይ ይተክሉና ይጠብቃሉ። ድምፁ ወደ ቡልቡላ ሲርቅ ጉሮሯቸውን ጠርገው ያችኑ መስመር እንደገና ከራሷ ይጀምሯታል።

ይቺን ነገር እኔ የምሠራበት ጎሚስታ ቤት ስንቴ አሳይቻታለሁ። አውሮፕላኑን በአፌ፣ ዳዊቱን በአፍንጫዬ። ጎማ ሊያስለጥፍ የመጣ ሾፌር ሁሉ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ግዕዙ ምን እንደሚል ግን እንጃ። ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት፤ የያዝኩት ድምፁን ብቻ ነው።

የማወራችሁ ግን ስለ አባባ አይደለም፣ ስለ ሚስታቸው ስለ እማማ ብርኽቲ ነው።

እማማ ብርኽቲ የሽሬ ሰው ናቸው። ባላቸው የአንድ ቪላ የሌሊት ዘበኛ ነበሩ፣ እሳቸው ደግሞ እዚያው ግቢ ልብስ ያጥቡ ነበር። ቤታቸውንና ቤታችንን የሚለየው አንድ ስስ የጭቃ ግድግዳ ነው። ሀብቶም የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። በብሔራዊ ውትድርና ተወሰደና ወደ ሰሜን ተላከ፣ እናቱ ወደተወለዱበት አገር፣ ዘመዶቹን ሊዋጋ።

መርዶው እሁድ ማለዳ ተነገረ። አብሮት የዘመተ ልጅ ቆስሎ ተመልሶ ነው ያወራው። የዕድር ሰዎች ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩ፤ እማማ ገና ሲያዩአቸው ገባቸው። ያን ቀን ጮኸው ጮኸው ድምፃቸው ጠፋ።

በማግስቱ፣ ሰኞ፣ ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ኩርምት ብሎ ሳለ አባባ ገብረዋሕድ ወጡና በር ላይ ያለችው ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ። ዳዊታቸውን ገልጠው እንደ ወትሮው ጀመሩ። ሰው ተገረመ፣ ይሄ ነው እምነት አለ። እማማ ከውስጥ ሆነው ይሰሟቸው ነበር።

ለእማማ ዳዊት ማለት ምስጋና ነው። ግዕዝ አያውቁም፣ ያኔ ፊደልም አልቆጠሩም። ካገር ቤት ጀምሮ ሲባል የሰሙት ‘ዳዊት ደገመ፣ አመሰገነ’ ነው። ስለዚህ የገባቸው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ልጄ ሞተ፣ ባሌ በማግስቱ አመሰገነ።

ከዚያ ወዲያ ምሳ ያቀርባሉ፣ የእግር ውሃ ያሞቃሉ፣ አያወሩም። አባባም ድሮውኑ ዝምተኛ ናቸው። ግድግዳው ስስ ነው ብያችኋለሁ፤ እንደዚያ ቤት ፀጥ ያለ ቤት ሰምቼ አላውቅም። ክረምት ሲገባ አባባ ገብረዋሕድን የሳንባ ምች ጣላቸውና ሞቱ። እማማ ከሬሳው አጠገብ ተቀምጠው የነጠላቸውን ጥለት ሲቆጥሩ ዋሉ። አንዲት እንባ የለም። አልቃሿ ሴትዮ ራሷ አፍራ ዝም አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ የለውም። ይነሳሉ፣ ያጥባሉ፣ ያሰጣሉ፣ ይተኛሉ። ማርያም በር ላይ ሲደርሱ ድሮ ቆመው ይሳለሙ ነበር፤ አሁን እንደ ሱቅ በር ያልፉታል። ተናደው ቢሆን እንኳ ደግ ነበር። የነፍስ አባታቸው አባ ገብረኣብ እቤት ድረስ መጥተው መከሯቸው፣ ኢዮብን አነሱባቸው፣ የባልሽን ዳዊት አንድ ዲያቆን መጥቶ ይድገምልሽ አሏቸው። እማማ እስኪጨርሱ ጠበቋቸው።

“አባ፣ ለምስጋና የሚሆን አፍ የለኝም” አሏቸው። “መጽሐፉን ለሙት ዓመቱ አመጣልዎታለሁ። ለሚያመሰግን ሰው ይስጡልኝ።”

አባ ገብረኣብ መስቀላቸውን አሳልመው ወጡ። የሚሄደው መጽሐፉ ብቻ ሳይሆን የእማማ እምነትም እንደሆነ አባ ገብቷቸዋል።

በመሃሉ የቀበሌው ጓድ መኩሪያ መጣ። ጓድ መኩሪያ ሲናገር ከንፈሩ ሳይሆን አገጩ ነው የሚሠራው፤ ቆይቼ አሳያችኋለሁ። መሠረተ ትምህርት የቀረ ሰው ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አያገኝም፣ ጓዲት ብርኽቲ፣ መሃይምነት ጠላታችን ነው አለ። እማማም ጠላት ከሆነ እሱም ይምጣ፣ ቤቱ ባዶ ነው አሉት። ሄዱ ግን። የሚሄዱት እምቢ ማለትም ስለሚደክም ነው።

ፊደሉ ሳይፈልጉ ቶሎ ገባቸው። ከሥራ ሲመለሱ የኛ ታፔላ ሥር ቆመው ጎ፣ ሚ፣ ስ፣ ታ ይላሉ፣ ደስም ሳይላቸው ያልፋሉ። ፈተናውን አለፉ ተብሎ ተጨበጨበ። እሳቸው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቁ።

የአባባ ሙት ዓመት ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት፣ እማማ ጎሚስታ ቤቱ በር ላይ ቆሙና ና እስቲ ወደይ አሉኝ። በትግርኛ ልጄ ማለታቸው ነው። ዕቃ ሊያሸክሙኝ መስሎኝ ተከተልኳቸው። ዳዊቱ አልጋው ላይ ነው፣ ለነገ የሚጠቀለልበት ጨርቅ ከጎኑ።

“የገብረዋሕድን ድምፅ እንደምታወጣ አውቃለሁ” አሉ። “ግድግዳው ስስ ነው።”

መሬት መሬት አየሁ።

“የሀብቶም መርዶ በተነገረ ማግስት የደገመውን አውጣልኝ።”

“ምን ያደርግልዎታል እማማ?”

“ልጄ ሞቶ ምን ብሎ እንዳመሰገነ አግኝቼ መጽሐፉን ልስጥ። ሳላውቀው እጄ አልለቅ አለ።”

ያን ሰኞ አልረሳውም፤ እኔም ድንኳኑ ውስጥ ነበርኩ። የማልረሳው ደግሞ አውሮፕላን ስላልነበረ ነው። አባባ አንዷ መስመር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ሰማዩ ጭጭ ብሏል። ጉሮሯቸውን ጠረጉና እንደገና ጀመሯት። አሁንም ቆሙ። ምን ሰምተው ነው ብዬ ቀና ሁሉ ብያለሁ።

እንደዚያው አድርጌ አወጣሁላቸው። “እስከ ማእዜኑ እግዚኦ…” አልኩና ቆምኩ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። “እስከ ማእዜኑ እግዚኦ…”

እማማ አላዩኝም። መጽሐፉን ገልጠዋል። በአንድ በኩል ግዕዝ ነው፣ በሌላው በኩል አማርኛ። ዳዊት በቀን በቀን ተከፍሎ ነው የሚደገመው፤ የሰኞ ድርሻ ከመጀመሪያው ስለሆነ ከመጀመሪያው ገጽ ተነሱ፣ በግዕዙ በኩል። ፊደሉ ያው ፊደል ነው፣ ቋንቋው ባይገባቸውም ድምፁን ማውጣት ይችላሉ። ጣታቸው እየወረደ፣ እኔ ድገም ሲሉኝ እየደገምኩ፣ ገጽ ገለጡ፣ ደግሞ ገለጡ። ከዚያ ጣታቸው ቆመች። እስ፣ ከ፣ ማ፣ እ፣ ዜ፣ ኑ።

ጣታቸው ወደ አማርኛው ተሻገረች።

“አ፣ ቤ፣ ቱ… እስከ መቼ… ፈጽመህ ትረሳኛለህ?”

እንደገና አነበቡት፣ አሁን ሳይቆርጡ።

“ይሄ ምስጋና ነው?” አሉኝ።

“አይመስለኝም እማማ። ስሞታ ነው የሚመስለው።”

“ዳዊት ውስጥ ስሞታ አለ?”

“ይኸው ተጽፏል።”

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሲናገሩ ለኔ አልነበረም።

“እኔ እንዲህ ማለት ክህደት መስሎኝ ነው አፌን የዘጋሁት። እሱ በር ላይ ተቀምጦ ይለዋል። እኔ ደግሞ ከውስጥ ሆኜ እጠላዋለሁ።”

ሊያለቅሱ ነው ብዬ ነበር። አላለቀሱም። ጨርቁን አንስተው አጣጠፉት፣ መጽሐፉ ግን ሳይጠቀለል ቀረ።

በማግስቱ ሙት ዓመቱ ላይ አባ ገብረኣብ እጃቸውን ዘረጉ። እማማ ገና አልጨረስኩትም አሏቸው።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የባላቸው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ያችኑ አንድ መስመር ነው የሚሏት፣ ቀን ከቀን። ፊታቸው ያው ነው፣ ምንም አይነበብበትም። ቀጥሎስ ምን ይላል ብዬ ስጠይቃቸው እዚያ አልደረስኩም፣ ይሄኛውን ብዬ መጨረስ አለብኝ አሉኝ። ግን አንድ እሁድ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ማርያም ሲሄዱ አየሁ። በሩን ተሳልመው ገቡ። ሲመለሱ ጸለዩ ወይ አልኳቸው።

“ያችን መስመር ነገርኩት” አሉ። “ሌላ የማውቀው የለኝም።”

ጾሙ ሊገባ ሲል ወደ ሥራ ሳልፍ ጠሩኝ። ጣታቸው ወርዳለች፣ የመዝሙሩ መጨረሻ አካባቢ ናት። “እኔ ግን በቸርነትህ ታመንሁ ይላል” አሉኝ።

“እና ታመኑ?”

“‘እኔ ግን’ የምትለዋ ላይ ነኝ።”

አውሮፕላን መጣ። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። እማማ ብርኽቲ ጣታቸውን መስመሩ ላይ ተክለው ጠበቁ። ድምፁ ወደ ቡልቡላ ሲርቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ከራሷ ጀመሯት።