ተቀምጠው አለሙ

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ጠቅልዬ የተመለስኩ ሰሞን ያገኘኝ ሰው ሁሉ በሹክሹክታ «ምን አጥፍተህ ነው?» ይለኝ ነበር። ሰው በፈቃዱ ከአዲስ አበባ ይመለሳል ብሎ የሚያምን አልነበረም። ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው፤ ላፕቶፕና ኢንተርኔት ካለ የትም ቁጭ ብሎ ይሠራል እያልኩ አስረዳሁ። ላፕቶፑ ነበረኝ። ኢንተርኔቱ ግን እኔ በገባሁ ሰሞን ወጣ። ለምን እንደወጣ እንጠረጥራለን፤ መቼ እንደሚመለስ ግን የሚነግረን አልነበረም። በቴሌቪዥን አገሪቱ ወደ ዲጂታል ዓለም እየገሰገሰች መሆኗ ማታ ማታ ይነገራል። እኛም የምትገሰግሰውን አገር በቴሌቪዥን እናያታለን። የአዲስ አበባው ቀጣሪዬ ጥቂት ታገሠኝና፣ ያውም በስልክ፣ በጨዋ ደንብ አሰናበተኝ።

ያኔ ነው በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ በአንድ የአገልግሎት መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ የተቀጠርኩት። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ከደብረ ማርቆስ በሚኒባስ የሚደረስባት፣ ገበያ የቆመ ቀን ፈረሱም ባጃጁም አንድ መንገድ ላይ የሚጋፉባት ናት። ሥራዬ በወረቀት ላይ «የመረጃ ሥርዓት ማልማት» ይላል። በተግባር ግን ፕሪንተር ውስጥ የተነከሰ ወረቀት ማውጣት፣ የኃላፊውን ባለቤት ስልክ ማስተካከል፣ አንዳንዴም የሻይ ማፍያውን ሶኬት ማየት ነበር። በእኛ ዘንድ ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ማለት ገመድ ያለውን ነገር ሁሉ የሚያክም ሐኪም ነው። ገመድ ከሌለውም ይሞክረዋል።

ኃላፊያችን መልካም ሰው ነበሩ፤ ቁጣቸው ቶሎ ይበርዳል፣ ሰላምታቸውም ሞቅ ያለ ነው። አንድ ትልቅ ድክመት ነበረባቸው፤ ሥልጠና ይወዱ ነበር። መማር አላልኩም፣ ሥልጠና። ሐይቅ ዳር ወዳለ ሆቴል ሄደው፣ ቆብና ቦርሳ ተቀብለው፣ የቡድን ፎቶ ተነስተው፣ ሰርተፊኬት ይዘው ይመለሳሉ። የቢሮአቸው ግድግዳ በሰርተፊኬት ተሸፍኖ የቀለሙ ዓይነት ጠፍቷል። እኔ ሙያዬን የተማርኩት ኮምፒውተሩ «ተሳስተሃል» እያለ ሲያበሽቀኝ ነው። እስካሁንም «በትክክል ተሳስተሃል» የሚል ሰርተፊኬት የሰጠኝ የለም።

ከዕለታት አንድ ቀን ከእንዲህ ያለው ሥልጠና ተመልሰው አስጠሩኝ።

«አፕ ያስፈልገናል» አሉኝ።

ለምን አገልግሎት እንደሚውል ጠየቅኳቸው። በመገረም አዩኝና ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ሁሉ እንዳላቸው ነገሩኝ። ለሳቸው ጥያቄው በዚህ ተመልሷል። እኔም ሞኝነቴ አልለቀቀኝምና ሕዝቡ ቅሬታውን የሚልክበት ቢሆን አልኳቸው። «የሕዝብ ድምፅ» የሚለው ስም ባነር ላይ እንደሚያምር ሲታያቸው ወዲያው ተስማሙ።

ሠራሁት። ኢንተርኔት ስለሌለ ሰው በተራ የጽሑፍ መልእክት እንዲልክ አደረግኩት፤ መልእክቱ ከቢሮው ኮምፒውተር ይገባና ተገልጋይ በሚቀመጥበት አዳራሽ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ትልቅ ስክሪን ይታያል። በሙያዬ ካኮሩኝ ነገሮች አንዱ ነበር። የምረቃው ዕለት ሪባን ተቆረጠ፣ ንግግር ተደረገ፣ ለስላሳ ተጠጣ። ንግግሩ ገና ሳያልቅ የመጀመሪያው መልእክት ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። ከይጁቤ የመጡ አንድ ሐጂ ነጋዴ ናቸው፤ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው የጻፉት ነው። «ፋይሌ ከጠፋ ሰነበተ። ፈልጉልኝ» ይላል። ሌላ የለውም።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው አፑ ከታለመለት ዓላማ ውጭ እየዋለ ስለመሆኑ ነበር። ሰዎች በቅሬታ ማቅረቢያው ቅሬታ እያቀረቡበት ነው። አንዱ የሥራ ባልደረባችን ተነስቶ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ያስፈልጋል አለ። ሌላው ከሐጂው በስተጀርባ ማን እንዳለ ይጣራ አለ። ከሐጂው በስተጀርባ ግድግዳ ነበር። በመጨረሻ የተወሰነው ኃላፊው ራሳቸው አንብበው የፈቀዱት ብቻ ስክሪኑ ላይ እንዲወጣ፣ የቀረው «ለጥናት» እንዲቀመጥ ነው። ጥናቱን የሚያጠና ሰው አልተመደበም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስክሪናችን ላይ ምስጋና ብቻ ይፈስ ጀመር፤ ግማሹን የጻፉት ሠራተኞቻችን ናቸው።

ከከተማዋ በላይ፣ ከኮረብታው ጫፍ ካለው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ የቅኔ ጉባኤ ቤት አለ። መምህሩን ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። የኔታ ትሕትና የሚባለውን ነገር ለሌሎች የሚያስተምሩ እንጂ ለራሳቸው የሚጠቀሙበት ሰው አይደሉም፤ በዚህ አገር ከሳቸው የሚበልጥ ባለቅኔ እንደሌለ ማንም ሳይጠይቃቸው ይናገራሉ። ምናልባትም እውነታቸውን ነው። ተማሪዎቻቸው ውሃ የሚቀዱት ቁልቁል ወርደው ከወንዝ ነበርና የቧንቧ መስመር እንዲቀጠልላቸው ለመሥሪያ ቤታችን ሲያመለክቱ ከርመዋል። መልሱ ሁልጊዜ «ነገ ይምጡ» ነው። ነገ ይመጣሉ፤ ነገም ሌላ ነገ አለው።

አንድ ጠዋት እንደልማዳቸው መጥተው አዳራሹ ውስጥ ተቀመጡ። ጋቢያቸውን አደላድለው፣ ስክሪኑ ላይ የሚያልፈውን ምስጋና ረዘም ላለ ጊዜ ሲያነቡ ቆዩና ጠሩኝ። ይህን የሚመርጠው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ኃላፊው ራሳቸው እንደሆኑ ነገርኳቸው።

«አንብበው ነው የሚያወጡት?»

«አዎ የኔታ፣ አንብበው ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ከኪሳቸው ባለ ቁልፍ ስልካቸውን አወጡና መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ እያንዳንዱን ፊደል እንደ እህል እየለቀሙ ጻፉ። ልከው ሲጨርሱ ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ።

ትንሽ ቆይቶ ኃላፊያችን በደስታ ከቢሮአቸው ብቅ አሉ። ወዲያው ስክሪኑ ላይ እንዲወጣ፣ ፊደሉም እንዲተልቅ አዘዙ። እንዲህ ይላል፦

ሌሎች ሹማምንቱ በሩጫ ደከሙ፣
እርስዎ ግን ጌታዬ ተቀምጠው አለሙ።

ግጥም የተገጠመለት ሹም ከኛ መሥሪያ ቤት ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። ኃላፊያችን እኝህ አባት ምን ጉዳይ እንዳላቸው ጠየቁ። የውሃ መስመር ነው ሲባሉ እስካሁን ለምን እንደዘገየ ተቆጡ፤ ያዘገዩት እሳቸው መሆናቸውን የሚያስታውሳቸው ሰው በአካባቢው አልነበረም። ሳምንት ሳይሞላ ቆፋሪዎች ወደ ኮረብታው ወጡ። የሐጂው ፋይል እስከዚያን ቀን ድረስ አልተገኘም። ሐጂው ግጥም አልጻፉም ነበር።

እኔም የጎጃም ልጅ ነኝ እያልኩ በግጥሙ ውስጥ ያለው ነገር አልታየኝም ነበር። የታየኝ ከጥቂት ቀናት በኋላ ከምሳ መልስ ነው። ለማስፈረም በሩን ሁለት ጊዜ ቆርቁሬ መልስ ሳጣ ገባሁ። ኃላፊያችን ሰርተፊኬቶቻቸው ሥር፣ በዚያ በሚሽከረከር ወንበራቸው ላይ ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። አንዴ ፈገግ አሉ። የሆነ ነገር እያዩ ነው። በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁና ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ብቻዬን ሳቅኩ። «አለሙ»፤ «ሙ» ሲጠብቅ አገር አለሙ ነው፣ «ለ» ሲጠብቅ ሕልም አለሙ ነው። የኔታ የሩጫውንም፣ የመቀመጡንም፣ የእንቅልፉንም አስገብተው ጨርሰውታል።

ስለ ኮምፒውተር ከሚነገሩ ተረቶች አንዱ ማሽን አይሳሳትም፣ ሁሉን ያውቃል የሚለው ነው። የኛን ፊደል ወደ ኮምፒውተር ሲያስገቡት እንደነበረ ነው ያስገቡት፤ ማጥበቅና ማላላቱን አንባቢው በአፉ ያምጣ ብለው ትተውታል። ስለዚህ በዓለም ውድ የሆነው ማሽን «አለሙ»ን ሲያይ የሚያየው ኃላፊያችን ያዩትን ያህል ነው።

ለማንም አልተናገርኩም። መናገርም አላስፈለገም፤ የኔታ ተማሪዎች ስላሏቸው ተማሪዎቹ ነገሩን በየገበያው በትነውታል። ጉዳይ የሌለው ሰው ሁሉ ወደ አዳራሻችን መምጣት ጀመረ። ገብቶ ይቀመጣል፣ ስክሪኑን ያነባል፣ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ኃላፊያችን የተገልጋይ ቁጥር መጨመሩን በሪፖርታቸው ውስጥ አስገቡ፤ ግጥሙንም አብረው ላኩ። የበላይ አካልም ተሞክሯችን ምርጥ ስለሆነ ሌሎች መጥተው እንዲቀስሙት ወሰነ።

እንግዶቹ ከሌላ ዞን መጡ። መሪያቸው አንዲት ጠይም፣ ረጋ ያለች ሴት ነበረች፤ በኋላ እንደሰማሁት የቄስ ልጅ ናት። ኃላፊያችን አዳራሹን አስጎብኝተው ሲጨርሱ ስክሪኑ ፊት ቆሙና ሕዝቡ ራሱ የተናገረውን ብታነብላቸው እንደሚወዱ ነገሯት። እሷም አነበበች። የመጀመሪያውን መስመር በሞቅታ ጀምራ፣ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ድምጿ ዝግ አለ። «ለ»ን ጠበቅ አድርጋ ጨረሰችው።

አንድ ሰው አሳለው። ኃላፊያችን ግን አላጨበጨባችሁም ብለው በዓይናቸው ወቀሱንና ለእንግዶቹ እንድትደግምላቸው ለመኗት።

እሷም ከፊቷ ምንም ሳይነበብባት በጨዋነት፣ «እንዲህም ይነበባል» ብላ በ«ሙ» አጥብቃ ደገመችላቸው።

ኃላፊያችን ሁለቱን ንባብ ሲያነጻጽሩ ከፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። መጀመሪያ ግንባራቸው ተቋጠረ፤ ከዚያ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ዞረው እኔን አዩኝ። በአገራችን ማሽን ላይ የወጣ ነገር ሁሉ ጥፋቱ የባለሙያው ነው።

እንግዶቹ ምሳ በልተው ሲሄዱ አስጠሩኝ። ይህ የሲስተም ችግር ስለሆነ በአስቸኳይ እንዳስተካክል ነገሩኝ። ችግሩ የሲስተም ሳይሆን የፊደል መሆኑን፣ ከሁሉም የሚሻለው ግጥሙን ማንሳት መሆኑን ለማስረዳት ሞከርኩ። ማንሳት አይቻልም አሉ፤ በሪፖርት ወደ ላይ ሄዷል፤ ሪፖርት የተደረገ ነገር አይነሳም።

«ማጥበቂያ ምልክት የለውም እንዴ ይሄ ፊደል?»

«አለው፤ ሆሄው ላይ ሁለት ነጥብ ይደረጋል። የሚጠቀምበት ሰው ግን የለም።»

«እኛ እንጠቀምበታለን» አሉ፣ ወደ ቀድሞ ግርማቸው እየተመለሱ። «‹ሙ› ላይ አድርግበት።»

አደረግኩት። «ሙ» በትልቁ ስክሪን ላይ ሁለት ነጥብ እንደ አክሊል ደፍታ ተሰየመች። እስከዚያ ድረስ ግጥሙን በየዋህነት ሲያነብ የነበረ ሰው አሁን ነጥቦቹ ምን እንደሆኑ መጠየቅ ጀመረ። ማጥበቂያ ነው ይባላል። ለምን አስፈለገ ይላል። በሌላ መልክ እንዳይነበብ ነው ይባላል። በምን መልክ ይላል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የሳቅ ድምፅ ነው። ቅኔ ያልተማረውም ከተሜ በኛ ነጥቦች ምክንያት ቅኔ ተማረ። በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ሥልጠናዎች ሁሉ ተሳታፊው በእርግጥ የሆነ ነገር ይዞ የወጣበት እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ አፑ «ለማሻሻያ» ተብሎ ተዘጋ። በኛ አገር ለማሻሻያ የተዘጋ ነገር ነፍስ ይማር ነው የሚባለው። ኃላፊያችን ግን አልወደቁም። ሪፖርታቸው ላይ የተገልጋይ ብዛት፣ የልምድ ልውውጥና የሕዝብ ምስጋና ተመዝግቧልና ወደሚበልጥ ከተማ፣ ወደሚበልጥ ወንበር ተዛወሩ። በሽኝቱ ላይ ከልባቸው አቀፉኝ፤ እኔም ከልቤ አዘንኩ፤ እንዲህ ያለ አለቃ ዳግም አላገኝም። ለኔም ሰርተፊኬት ተሰጠኝ። የአባቴን ስም ተሳስተውታል።

ኢንተርኔቱም በራሱ ጊዜ፣ ይቅርታ ሳይጠይቅ ተመለሰ። አሁን ደብረ ማርቆስ ቤቴ ሆኜ ለአንድ የአዲስ አበባ ድርጅት እሠራለሁ። በአንድ ቀን መብራትና ኔትወርክ አብረው ከመጡ እሠራለሁ፤ ተለያይተው ከመጡ አንዱን ይዤ ሌላውን እጠብቃለሁ። በቅርቡ ለማኅበር ጉዳይ ወደዚያች ከተማ ስሄድ የኔታን ልያቸው ብዬ ኮረብታውን ወጣሁ። ተማሪዎች በቧንቧው ዙሪያ ጀሪካን ደርድረው ይቀዳሉ። የኔታ ከአንድ ጥላ ሥር ተቀምጠው የአንዱን ተማሪ ቅኔ ያለ ርኅራኄ ይነቅፋሉ። ጨርሰው ሲያሰናብቱት፣ ያን ጊዜ የጻፉት የቱን እንደሆነ፣ ልማቱን ወይስ ሕልሙን፣ ጠየቅኳቸው።

«ሁለቱንም ካልያዘ ምኑን ቅኔ ሆነ?» አሉኝ፣ እንደ ሰነፍ ተማሪ እያዩኝ።

ከዚያ የውሃው ግፊት መቀነሱን ነገሩኝና ያ ግድግዳው ላይ ያለው ነገር መቼ እንደሚከፈት ጠየቁኝ። መዘጋቱን፣ አዲሱ ኃላፊም ሊከፍቱት እንደማያስቡ ነገርኳቸው። በጣም ከፋቸው። የከፋቸው ለውሃው መስሎኝ ላጽናናቸው ስል፣ ከመጀመሪያው የሚበልጥ ሌላ ቅኔ አዘጋጅተው እንደነበር ነገሩኝ። እባክዎን ለኔ ይንገሩኝ ብዬ ለመንኳቸው።

«ለአንድ ሰው?» አሉ፣ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ። «ያን ያህል ሕዝብ ሲያነብ አይቼ?»