ለሽማግሌዎች የጋገርኩት ባለጉድጓድ ቂጣ

ዛሬ ከተሜው ዋፍል ይለዋል። እኛ ቤት ስሙ «ባለጉድጓዱ ቂጣ» ነበር። እስካሁን በጋገርኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ ለምን እንደሆነ ልናገር።

ሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ቤታችን ከወረታ ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ነበር፤ እኔ ከተማው ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል እማራለሁ። በጭነት መኪና ረዳትነት የሚሠራው የእናቴ ወንድም አንድ ቀን ከጎንደር ገበያ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ብረት ገዝቶ መጣ። ሁለት ረጃጅም እጀታ ያለው፣ እንደ መጽሐፍ የሚከፈትና የሚገጠም፣ ውስጡ በትንንሽ አራት ማዕዘን የተቦረቦረ ነው። ሻጩ አጋገሩን ነግሮት ኖሮ እሱም ለእኔ ነገረኝ።

በወተት ነው ቢለኝም እኔ በአሬራ ሞከርኩት። ቅቤው ሲወጣለት ቅሉ ውስጥ የሚቀረው አሬራ ቤታችን ሞልቶ ነበር። የስንዴ ዱቄት፣ እንቁላል፣ ጨውና የቀለጠ ቅቤ ጨምሬ በጠበጥኩ። የመጀመሪያው ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ተቀደደ፤ ቀጣዩ አረረ። ብረቱን ፍም ላይ አግዬ ቅቤ ስቀባው ግን ቂጣው በራሱ ለቀቀ። ላዩ ኩርሽም ይላል፤ ውስጡ ለስላሳ ነው፤ ትንሽ ኮምጠጥ ይላል። ጉድጓዶቹ ማር ይይዛሉ። ሠፈሩ ሁሉ ሊያይ መጣ። እኔም ኮራሁ።

ጥቅምት ውስጥ፣ አንድ እሑድ፣ እናቴ «ዛሬ እንግዳ አለብን። ያን ቂጣሽን ጋግሪልን፤ በርከት አድርጊው» አለችኝ። ዱቄቱን ሰፍራ፣ አሬራውንም ራሷ ገፍታ ሰጠችኝ። እየዘፈንኩ ነው የጋገርኩት!

ከቅዳሴ መልስ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች መጡ። የደብራችን መሪጌታ የሆኑት አባቴ አጠገባቸው ተቀመጡ። ማር አፍስሼ አቀረብኩና ሌላ ልጨምር ወደ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ አንደኛው ሽማግሌ እያላመጡ ይናገራሉ።

«እጇ ይባረክ። ይህን የጋገረች እንግዲህ ለቤት ደርሳለች። መሪጌታ፣ ለልጃችን ይስጡን፤ ሠርጉም ለጥር ይሁን።»

እናቴን አየኋት። ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች። ታውቅ ነበር። ቅሉን ስትገፋም ታውቅ ነበር።

ሄጄ ከሽማግሌዎቹ ፊት ቂጣውን ከነሰፌዱ አነሳሁት።

«ይህ የተጋገረው ለእንግዳ ነው እንጂ ለገዢ አይደለም» አልኩ።

«ምን አልሽ አንቺ?» ብለው አባቴ ተነሡ።

«እርስዎ ቢሰጡኝም እኔ አልሄድም። ትምህርቴን አልጨረስኩም።»

ወጥቼ ቂጣውን ደጅ ለውሻው ደፋሁት። አባቴ ተከትለውኝ በመቋሚያቸው ጀርባዬን አሉኝ። ሽማግሌዎቹ «ያልተገራች ናት» እያሉ ሄዱ። ቀና ብዬ ሳያቸው አንደኛው ጢማቸው ላይ ማር ነበረባቸው፤ እሱም አናደደኝ።

ቤቱ ጸጥ ሲል እናቴ ጀርባዬን ቅቤ ልትቀባ መጣች። እጇን ገፋሁት።

«እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትጋግሪ ነበር?»

ከመቋሚያው ይልቅ ይህ አቃጠለኝ። ቅቤውን አስቀምጣ «እኔንስ ማን ነገረኝ?» አለች።

ያሳዝናል፤ ግን አላዘንኩላትም። ለእሷ ስላልተነገራት ለእኔም እንዳይነገረኝ! እሷ ሳይነገራት የተዳረች ቀን የሆነችውን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ አውቃ ነው ዱቄቱን የሰፈረችልኝ። አባቴማ የወንድ ወግ ነው ያደረጉት። እሷ ግን እናቴ ነበረች።

ወሬው ፎገራን ዞረ። ከሽማግሌ ፊት ምግብ የምታነሳ ልጅ የሚፈልግ ጠፋ፤ ሌላ ጠያቂም አልመጣም። አባቴ ለወራት ሰላምታዬን ባይመልሱም ከትምህርት ቤት አላስቀሩኝም። ስድስተኛን ወረታ ጨርሼ ደብረ ታቦር ገባሁ።

ደመወዝተኛ ሆኜ ስመለስ አባቴ ማኅበርተኞቻቸውን «እኔ እኮ ልጄን ያስተማርኩ ሰው ነኝ» ሲሏቸው ሰማሁ። እናቴም አጠገባቸው ሆና ራሷን በአዎንታ ትነቀንቃለች። መቀመጫ ሲያቀርቡልኝ አልተቀመጥኩም፤ ጋቢዬን አንስቼ ወጣሁ።