ባራክ የሰማው ድምፅ

ማንያዘዋል በ1991 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ሲመጣ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ በአፉላ የኢንዱስትሪ ቀጠና፣ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ሠራ። ፋብሪካው ሲዘጋ ከከተማው በታች፣ በእርሻዎቹ መካከል ያለ የግልቢያ ትምህርት ቤት ጋጣ ለማፅዳት ቀጠረው። አባቱ ጎንደር ሳሉ ፈረስ የሚገሩ ሰው ነበሩና ማንያዘዋል ከፈረስ ጋር መኖር ያውቅበታል። ግን ያን ሁሉ ዓመት ምን ታውቃለህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

ባራክ የሚባል ዳማ ፈረስ ነበረ። የምትጋልበው ነታ የምትባል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። ሁለቱ በዝላይ ውድድር ይታወቁ ነበር። ባለፈው ፀደይ ግን ባራክ በአንድ ውድድር አግዳሚውን እንጨት በደረቱ መታ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ መሰናክል ፊት ሲደርስ እግሩን ተክሎ ይቆማል። አሠልጣኙ ጊል እልኸኛ ሆኗል ብሎ በአለንጋ ሞከረው። ባሰበት። የነታ አባት ይሸጥ አለ፤ ልጅቷ ጋጣው ውስጥ ተቀምጣ አለቀሰች።

ማንያዘዋል ጊልን ሁለት ወር ስጠኝ አለው። ጊል ትከሻውን ነቀነቀና ፈቀደ።

አንዱን እንጨት መሬት ላይ አጋድሞ ፈረሱን በገመድ እየሳበ ያሻግረው ጀመር። «አይዞህ፣ አይዞህ» ይለዋል፣ ባማርኛ። ሳምንት ካለፈ በኋላ እንጨቱን አንድ ስንዝር ከፍ አደረገው፤ ቆይቶ ሁለት። ነታ ስትጋልበው እሱ ከመሰናክሉ አጠገብ ቆሞ ይጠራል፤ ባራክም አንገቱን ወደ ድምፁ አዙሮ ይመጣና ይዘላል። በበጋው መጨረሻ እንደ ድሮው ዘለለ። ጊል ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት የማንያዘዋልን እጅ ጨበጠ። ማንያዘዋል ያን ቀን ወደሚኖርበት ሠፈር ወደ አፉላ ኢሊት በአውቶቡስ ሲወጣ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ሰላምታ ይሰጥ ነበር።

አንድ ነገር ግን አይቶ አልፎታል። በግራ በኩል ሲጠጉት ፈረሱ ይደነብር ነበር። ወደ እሱ አንገቱን ማዞሩንም ፍቅር ነው ብሎ ወሰደው።

በመከር ወቅት ለውድድር ወጡ። ማንያዘዋል ከአጥሩ ውጪ ቆመ፤ ከውጪ መጣራት ክልክል እንደሆነ ጊል አስቀድሞ ነግሮታል። ባራክ ሦስቱን መሰናክሎች በደህና ዘለለ። አራተኛው በግራ ከሚታጠፈው መንገድ በኋላ ነበር። ፈረሱ ጆሮውን ወዲያ ወዲህ እያደረገ ፍጥነቱን ቀነሰ። ማንያዘዋል በአጥሩ ላይ ተንጠራራ።

«አይዞህ!» ብሎ ጮኸ።

ባራክ ድምፁን ሲሰማ ለመዝለል ተነሣ። መሰናክሉ ግን ገና ሩቅ ነበር። በእንጨቶቹ መሃል ወደቀ፤ ነታ ከላዩ ተወርውራ እጇ ተሰበረ። ፈረሱ ተነሥቶ ቆመና መላ አካሉ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

የእንስሳት ሐኪሟ መብራት ይዛ ዓይኑን መረመረችው። ግራው ከጠፋ ቆይቷል፣ ቀኙም እየደከመ ነው አለች። ከፀደይ ጀምሮ የቆመው ስለማያይ ነበር። ማንያዘዋል ዕብራይስጡ ገብቶታል፤ ቢሆንም ጊልን እንዲደግምለት ጠየቀው።

ማታ ለሚስቱ ለአማረች ነገራት።

«አንተ በምን ልታውቅ?» አለችው። «ሐኪም አይደለህ።»

«ላውቅ ይገባኝ ነበር» አላት። «ፈርቷል ብዬ ፍርሃቱን አስጣልሁት። የፈራው ግን እውነቱን ነበር። እኔን አምኖ ነው የዘለለው።»

የነታ አባት ፈረሱን አልሸጠውም፤ ከጋጣዎቹ ጀርባ ትንሽ አጥር ተሠራለት። ማንያዘዋል በመጀመሪያው ጠዋት ሣር ይዞ ሄደና ስሙን ጠራው። ባራክ ድምፁን እንደሰማ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ከአጥሩ ጥግ ተጣብቆ ተንቀጠቀጠ። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው ቀን ሣሩን መሬት ላይ አስቀምጦ ተመለሰ።

በክረምቱ ቀኝ ዓይኑም ጠፋ። ነታ እጇ ከዳነ በኋላ ውድድሩን ተወች፤ ግን ከትምህርት ቤት መልስ በየቀኑ ትመጣለች። አንድ ቀን ካሮት ይዛ፣ ማንያዘዋልን ና አብረን እንሂድ አለችው።

«አንቺ ሂጂ» አላት። «እኔን ከሰማ አይበላም።»

እሷ ሄደች። እሱ ጋሪውን ይዞ የሌሎቹን ፈረሶች ፍግ ማውጣት ቀጠለ። በዚያ አጥር በኩል ማለፍ ግድ ሲሆንበት ጋሪውን አቁሞ፣ ፍጉን በባልዲ ይዞ፣ ቀስ ብሎ ይራመዳል። ሰው ሰላም ቢለው እንኳ እጁን አንሥቶ ያልፋል።