ማዳም ያበደችበት ቀን

ሒክማ ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሥራዋ ግን የሦስት ሰው ነው። ጠዋት ተማሪ ናት፣ ቀትር ላይ ጸሐፊ፣ ከአስር ሰዓት በኋላ ደግሞ ሙዚቀኛ። በሒሳብ ደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ ይህንኑ በቀይ እስክሪብቶ አስምራ ፕሮግራም አውጥታለች። ደብተሩ ውስጥ ከሁሉም የሚያምረው ገጽ እሱ ነው፤ ሒሳቡን ባናነሳው ይሻላል። እናቷ ኑሪያ ፕሮግራሙን ባየች ቁጥር ጣቷን እያሳለፈች ትፈልግና፣ "ምሳ የሚበላበት ሰዓት የቱ ጋ ነው?" ትላለች።

ዓመቱ በፈረንጆቹ 2012 ነው። ሰባት ሰዓት ገደማ ጫቱ ከድሬዳዋ ጅቡቲ ይገባል፤ መኪኖቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ ሰፈራችንን ቡላኦስን ሰንጥቀው ያልፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ከተማው ክርችም ነው። የሒክማ አባት ከይረዲን የጨርቅ ሱቁን ዘግቶ ፍራሹ ላይ ጋደም ይላል። ሙቀቱ ድመቱን ሳይቀር ደረጃ ስር አስተኝቶታል። ነቅታ የምትሄደው ሒክማ ብቻ ናት። የምትሄደውም ሁለት መንገድ ተሻግሮ ወዳለው የሙጠሊብ ኢንተርኔት ቤት ነው።

ሙጠሊብ የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ጢሙ ሸብቷል። ጉንጩን ወጥሮ ጥግ ላይ ይቀመጥና አራተኛዋን ማሽን፣ ማራገቢያው ስር ያለችዋን፣ ለሒክማ ይጠብቅላታል። ሌላ ሰው ከተቀመጠባት "ተበላሽታለች" ብሎ ያስነሳዋል። ሒክማ እዚያ ቁጭ ብላ "የቀትር ወሬ" የሚል ስም ባወጣችለት ብሎግ ላይ ትጽፋለች። የምትጽፈውም በአማርኛ ነው።

በአማርኛ ለምን ጻፈች? ትምህርት ቤት ያለው ሁሉ ፈረንሳይኛ ነው፣ መንገዱ ሶማሊኛ፣ ከአባቷ ደንበኞች ግማሾቹ ደግሞ አረብኛ ናቸው። አማርኛ የቤት ቋንቋዋ ነበር፤ ትናገረው ነበር እንጂ ማንበብ አትችልም ነበር። ፊደል ያስቆጠረቻት የጎረቤት ሠራተኛዋ ትርሲት ናት፤ ትምህርት ቤቱም የማዳም ኻሊዳ ቤት ጣሪያ ነው። ልብስ ሲሰጣ፣ ሒክማ ከትምህርት ቤት ባመጣችው ጠመኔ፣ ጥቁሩ የውሃ ሮቶ ላይ እየተጻፈ ነው የተማረችው። ሮቶው እስከዛሬ "ሀ ሁ ሂ" የሚል ጠባሳ አለው።

ትርሲት የሐይቅ ከተማ ልጅ ናት፤ ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ፊት ለፊት ካለው ከኻሊዳ ቤት ገብታ መሥራት ከጀመረች ስምንት ዓመት ሆናት። ወሬ ትወዳለች። የሚያወራት ስታጣ ከካውያው ጋር ታወራለች፣ ከድስቱ ጋር ትጣላለች። ለማዳም በተሰባበረች ሶማሊኛዋ "እሺ" ትልና፣ ፈገግታዋን ሳትቀንስ በአማርኛ ትቀጥልበታለች። "እሺ። ደግሞ ፍሪጁን ቆልፊ፤ የበረዶ ሌባ መጣብሽ።" ማዳም ሻይዋን ፉት ትላለች፤ ፊቷ ላይ ምንም የለም።

ሒክማ ኻሊዳን "ኤዶ" ነው የምትላት፤ በሶማሊኛ አክስቴ እንደማለት ነው። ኤዶ ኻሊዳ ከወደብ መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጣች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። አንድ ልጇ ዘይድ ለትምህርት ፈረንሳይ ሲሄድ ኦርጋኑን ሳሎን ውስጥ ጥሎት ሄደ። "አቧራ ከሚበላው አንቺ ነካኪው" አለቻትና ሒክማ ከአስር እስከ አስራ አንድ ሰዓት እዚያ ትለማመዳለች። የሰፈሩ ሴቶች የሰርግ ጭፈራ ሲኖራቸው ከበሮው ጎን ኦርጋን የምትመታው እሷ ሆናለች። ሴቶቹ ያሞግሷታል፤ እሷም መሞገስ አትጠላም።

እንግዲህ አንድ ቀን ጣሪያው ላይ ትርሲት የእናቷን ሞት አወራቻት። ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ስልኩ ማድ ቤት እያለች ተደወለ፣ እናቷ ማረፏን ሰማች፣ እዚያው አልቅሳ ፊቷን ታጥባ ወደ ካውያዋ ተመለሰች።

"ለማዳም ምን ብዬ ልንገራት?" አለች ትርሲት። "በዚያች ሶማሊኛዬ 'ሞተች' የሚለውን እንኳ አላውቀውም ነበር። ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? መጣችና ካውያውን ነቀለችው። የፍሪጁን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጠች። ዘይድ ክፍል አስገብታ አየር ማቀዝቀዣውን ለቀቀችልኝ፣ ሦስት ቀን ሥራ የሚባል አላስነካችኝም። ራሷ ፓስታ ቀቀለች፤ አረረ። አበደች ብዬ ለጎረቤት ልነግር ነበር።" እያለቀሰች ትስቅ ነበር፤ ሒክማም አብራት ሳቀች።

በማግስቱ ቀትር ላይ ሒክማ ማራገቢያው ስር ቁጭ አለችና "ማዳም ያበደችበት ቀን" ብላ ጻፈችው። ሠራተኛዋን ጽጌ አለቻት፣ እመቤቲቱን ማዳም ቁልፍ። ካውያውም፣ ፍሪጁም፣ ያረረው ፓስታም አለ፤ የእናቲቱ ሞት ግን በአንዲት መስመር እልፍ ብሏል፣ ምክንያቱም የሚያስቀው ሌላው ነው። ትርሲትን አላስፈቀደቻትም። ማን ያነበዋል? ጅቡቲ ውስጥ ፊደል የሚያነብ አበሻ ነው፤ አበሻ ደግሞ አበሻን ለማዳም አሳልፎ አይሰጥም። ሒክማ እንዲህ ነበር ያሰበችው፤ ልጅነት ነው።

ጽሑፉ ተነበበ። ከቤሩት፣ ከጅዳ፣ ከዱባይ አስተያየቱ ጎረፈ፤ "የኔዋም እንደዚሁ ናት" የሚሉ ሴቶች ገጹን ሞሉት። ሒክማ የታሪክ ፈተና ላይ እንኳ በሐሳቧ አስተያየት ስታነብ ከሃያው ሰባት ብቻ አመጣች። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ብዙም አላዘነችም።

ሐሙስ ዕለት ግን ጣሪያው ላይ ስትወጣ ትርሲት ሰላምታዋን አልመለሰችላትም። አርሂባ ሰፈር የምትሠራው ጓደኛዋ ወርቅነሽ ጽሑፉን በስልኳ አሳይታታለች።

"ሒክማ፣ ፍሪጁ የኔ ነው" አለች ትርሲት፣ ቀስ ብላ። "ፓስታው የኔ ነው። እናቴም የኔ ናት።"

ሒክማ ውሃ ሆነች። "ስምሽን አልጻፍኩም እኮ፣ ትርስዬ።"

"ስሜን ለምን ትጽፊያለሽ? ካውያ የነቀለች ማዳም ጅቡቲ ውስጥ ስንት አለች? ጆሮዋ ከደረሰ ሻንጣዬን ይዤ ነው የምወጣው። ወንድሜ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል፤ ትምህርቱን የሚጨርሰው በኔ ነው።"

"ማዳም አማርኛ አታውቅም።"

"የሚያስተረጉምላት ይጠፋል?" አለችና ትርሲት ቅርጫቷን አንስታ ወረደች።

ሒክማ ጽሑፉን ልታጠፋ ወደ ኢንተርኔት ቤት በረረች። መስመር የለም። ሙጠሊብ በባሕር ስር የሚመጣው የኢንተርኔት ገመድ ተበላሽቷል አላት፣ ምናልባት ቅዳሜ። ዓርብ እንደምንም አለፈ፤ ምግብ አልወርድላት አለ፣ እናቷም ግንባሯን ደጋግማ ዳሰሰቻት። ቅዳሜ አስር ሰዓት ላይ ኻሊዳ ቤት ሄደች። ኦርጋኑን ገና ሳትከፍተው ኤዶ ኻሊዳ ከወዲያ ጠራቻት።

"ኦርጋኑን ተይውና ነይ ተቀመጪ።"

ሒክማ ልትቀመጥ ስትል ነው የገባት። የተጠራችው በአማርኛ ነው፤ ያውም ጥርት ባለ የድሬዳዋ አማርኛ። ጠረጴዛው ላይ የታተመ ወረቀት አለ፤ ከላይ "ማዳም ያበደችበት ቀን" ይላል።

"መስመሩ ሳይጠፋ በፊት ሙጠሊብ ነው ያተመልኝ" አለች ኻሊዳ። "የጎረቤትሽ ልጅ ጸሐፊ ሆናለች፣ ለማስታወሻ ያዢው ብሎ ሰጠኝ። ድሬዳዋ አንድ ክፍል ነበርን። ከዚራ ሰፈር ነው ያደግሁት፤ እስከ ስምንተኛ በአማርኛ ነው የተማርኩት።"

ሒክማ ሳትቀመጥ ተናገረች። "ኤዶ፣ ትርሲት የምታውቀው ነገር የለም። ሳልጠይቃት የጻፍኩት እኔ ነኝ። የምትቆጪውም እኔን ነው። ኦርጋኑን ከልክዪኝ፣ ለእናቴ ንገሪ፣ እሷን ግን እንዳታባርሪያት።"

"ስለ ማባረር ማን አወራ?" አለች ኻሊዳ። መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱን አቀረበችው። "እዚህ ጋ አበደች ይላል። ያን ቀን አላበድኩም ሒክማ። ስልኩን ሰምቼ ነው። እናቷ መሞቷን ሰምቼ።"

ኻሊዳ ወረቀቱን አጠፈችው።

"መጀመሪያ ስትመጣ እንደሚገባኝ ያልነገርኳት፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ሌባ ብትሆንስ ብዬ ነው። ከዚያ ስትሰድበኝ ሰማሁ፤ ሳቄ መጣ። ዘይድ ሲሄድ ደግሞ በዚህ ቤት የሚያወራ እሷ ብቻ ቀረች። እንደሚገባኝ ካወቀች ዝም ትለኛለች ብዬ ፈራሁ።" መነጽሯን አወለቀች። "በኛ ሰፈር ጎረቤት ሞቶበት ለቅሶ ያልደረሰ ሰው መንገድ ቀይሮ ነው የሚሄደው። እኔ ሦስት ዓመት በገዛ ቤቴ ውስጥ መንገድ ስቀይር ነው የኖርኩት።"

ሒክማ አሁን ገና ገባት። አስቂኝ ብላ የጻፈችው ሁሉ፣ ፓስታው ሳይቀር፣ ለቅሶ ነበር። "እናቴ የአጎቷን ለቅሶ በአራት ዓመቱ ነው ሐረር ሄዳ የደረሰችው" አለች። "ማንም ዘገየሽ አላላትም። አሁን ድረሺያ፣ ኤዶ።"

ኻሊዳ ከወንበሯ ተነሳች። ከዚያ ሻርፗን ራሷ ላይ ሳብ አድርጋ፣ ጉልበቷን ይዛ፣ ደረጃውን መውጣት ጀመረች። ሒክማ ከኋላ ከኋላ ተከተለቻት።

ትርሲት አንሶላ እየሰጣች ነበር። ማዳምንና ሒክማን አንድ ላይ ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ። በሶማሊኛ "እሺ ማዳም" አለች፤ ከዚያ እንደ ልማዷ ለራሷ በአማርኛ ጨመረችበት። "ይኸው መጣችልሽ። ሻንጣው አልጋ ስር ነው፣ ጫማው በር ላይ፤ በቃ ሂጂ።"

ኻሊዳ ፊቷ ቆመች። "ትርሲት" አለች በአማርኛ፣ "እግዚአብሔር ያጽናሽ።"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለች ትርሲት። ልማድ ነውና መልሱ ከአፏ የወጣው ሳይገባት በፊት ነው። ሲገባት አንሶላውን እንደታቀፈች ባልዲው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

"ስምንት ዓመት?" አለች።

"ስምንት ዓመት።"

"ስለ አፍንጫሽ ያልኩትንም?"

"እሱንም።"

ትርሲት አፏን በአንሶላው ሸፈነች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አይለይም ነበር፤ ቆይቶ ግን ለቅሶ ብቻ ሆነ። እናቷን በስሟ እየጠራች፣ ያን ቀን ማድ ቤት ውስጥ አፍና የተወችውን አለቀሰች። ኻሊዳ የተገለበጠ ሳጥን ስባ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ለቅሶ እንደሚደረሰው ምንም ሳትናገር ተቀመጠች። ሒክማ መቆንጠጫዎቹን አነሳችና የቀረውን ልብስ አንድ በአንድ ሰጣች። አስራ አንድ ሰዓት ሆነ፤ ኦርጋኑን ማንም አላስታወሰውም።

እሑድ መስመሩ ተመለሰ። ሒክማ ኢንተርኔት ቤት ከመሄዷ በፊት ማድ ቤት ትርሲት ጋ ገባች። ፍሪጁ ላይ ቁልፉ ተንጠልጥሏል፤ ትርሲት ሽንኩርት ትከትፋለች።

"አሁን ላጠፋው ነው" አለቻት ሒክማ። "ይቅርታ አድርጊልኝ። ሁለተኛ ሳልጠይቅሽ አልጽፍም።"

ትርሲት መክተፏን አላቆመችም። "ይቅር ብዬሻለሁ" አለች። "ደግሞ አታጥፊው። የእናቴን ስም አግቢበት፣ ቤሩት ሆነው የሚያነቡትም ይወቋት፤ አትክልት ትባላለች።" እንባዋን በክንዷ ጠረገች፤ ሽንኩርቱም አለበት። "ርዕሱን ግን ቀይሪው። አላበደችም።"