ጭራው ሳይወጣ

ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተሬ ላይ አንድ ባቡር በሌላው ባቡር ውስጥ ሰንጥቆ አለፈ።

ሥራዬ ገና ላልተሠራ ሐዲድ የትራፊክ ሞዴል መሥራት ነው። ሐዲዱ በክፍል በክፍል ይከፈላል፤ ክፍሉ ውስጥ ባቡር ካለ ለሚከተለው ቀይ መብራት ይበራል። እኔ ግን የፊተኛው ባቡር አፍንጫ ከክፍሉ እንደወጣ ቀዩ እንዲጠፋ አድርጌው ኖሯል። ጭራው ገና ውስጥ ነበር።

ሶፍትዌሩ ስህተት የለም አለኝ። ለእሱማ የሞተ ሰው የለ።

ከሰዓት ቁሐር ሚካኤል የአብሮ አደጌ ቀብር ነበር። በሩዝ ማሳው መሀል የምታልፈው መንገድ ጠባብ ናት፤ ግራና ቀኟ ውኃ ነው። ከማዶ ከብት የሚነዱ ሽማግሌ ቆመው ይጠብቁናል። አስከሬኑን ይዘን እንደተሻገርን “አባቴ፣ አልፈናል፤ ይለፉ” አልኳቸው።

“የት አለፋችሁ ልጄ? እናቱ ገና መንገድ ላይ ናቸው።”

ዞር ስል እናቱ በምርኩዝ፣ ከሁሉም ኋላ፣ ቀስ እያሉ ይመጣሉ። ሽማግሌው እሳቸው እስኪወጡ ንቅንቅ አላሉም።

ቤት ገብቼ ሞዴሉን አስተካከልኩት። አሁን ጭራው ሳይወጣ ቀዩ አይጠፋም።

ከኋላ የቀረ ሰው ሲጠበቅ ያያችሁ ካላችሁ እስቲ ጻፉልኝ። እኔ እስከ ዛሬ የማየው ፊት ፊቱን ነበር።