የአያ ደምለው መሐላ

እኔ ልጅ ሳለሁ ከይጁቤ ወዲህ ባለችው መንደራችን እንደ አያ ደምለው ተረት የሚያውቅ አልነበረም፤ እንደ እሱ የሚንተባተብም አልነበረም። ያኔ አመሻሹ ላይ ቤቱ እየሄድን፣ የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ፍሙንና ኩራዙን ከበን ኩርምት ብለን እንሰማው ነበር። ጅብ ሆኖ ሲያወራ ጣራው ብድግ ይላል፤ ጦጣ ሆኖ ሲመልስ ቃሉ እንደ ተልባ ይንሸራተታል። ተረቱ አልቆ «ደህና እደሩ» ሊለን ሲል ግን «ደ» ላይ ይቸከላል። በዚያች «ደ» መሃል እንቅልፍ ወስዶኝ፣ ሕልም አይቼ፣ ነቅቼ አውቃለሁ።

ነገሩ ለመንደሩ አልተዋጠለትም። «ለተረት የማይያዝ ምላስ ለቁም ነገር ለምን ይያዛል? ሆን ብሎ ነው እንጂ!» ይባል ነበር። አንዱ ለእድር ዳኝነት እንዳንመርጠው ነው ይላል፤ ሌላው ከአማቱ ጋር ላለማውራት ነው ይላል። እኔም ጠርጣራ ነበርኩና አንድ ቀን ሲያርስ ከኋላው ከኋላው ስል ዋልኩ፤ ከበሬው ጋር ሲያወራ አንዴም አልተያዘም። ጥርጣሬዬ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ።

ታዲያ ፋሲካ ሲቃረብ የጋሽ ይስማው ሙክት ተሰረቀ፤ ላቱ ደጁን የሚጠርግ ሙክት! አገሩ አውጫጭኝ ተቀመጠ። ሁሉም ዋርካው ስር ተሰብስቦ፣ በየተራው እየቆመ «አልሰረቅሁም፣ የሰረቀም አላየሁም» ብሎ ይምላል። መማል ያቃተው ሌባ ይባላል፤ ሌባ የተባለ ደግሞ ሰላም የሚለውም፣ ሲሞት የሚቀብረውም የለም።

የአያ ደምለው ተራ ደረሰ። ተነሳ፣ «አል... አል... አል...» አለና ቀረ። የአንገቱ ደም ሥር የበሬ ጠፍር አከለ።

«ማታ ማታ ለልጆች እንደ ዓባይ የሚፈስ ሰው ዛሬ ምን ያዘው?» አለ ጋሽ ይስማው። «ሰርቄያለሁ በልና ይውጣልህ!»

ሰው ሁሉ አፈጠጠበት፤ ባፈጠጡበት ቁጥር ባሰበት።

ያኔ ሚስቱ እትዬ አትጠገብ ብድግ አለች። «እኔን ላግባሽ ሲለኝም እንዲሁ ነበር የተያዘው፤ እንስራ እንዳዘልኩ ከጠዋት እስከ ምሳ ምንጩ ዳር ገትሮኛል። ያኔስ የማንን በግ ነድቶ ነበር?»

«አንቺን ነዋ የነዳው!» አለ አንዱ፤ ዋርካው እስኪወዛወዝ ተሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። «ጅብ ሲሆን፣ ሲዘፍን፣ ለበሬው ሲያወራ አይያዝም። ሰው ሲያፈጥበትና ቃሉን ሲነጥቀው ነው የሚብስበት፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ጠብቁት፣ ይጨርሳል። ቃል የሚያቀብለው ካለ ግን መሐላው የአቀባዩ ነው!»

ሽማግሌው ዳኛ «አፍ ሁሉ ይዘጋ» አሉ። ጠበቅን። እኔን ካመናችሁኝ፣ በዚያ ዝምታ ጤፍ ተዘርቶ ይታጨድ ነበር። አያ ደምለው መሬት መሬቱን እያየ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተተ፣ «አል... አልሰረቅሁም። የ... የሰረቀም አላየሁም» ብሎ ተቀመጠ።

«ምሏል። ቀጣይ» አሉ ዳኛው።

ሙክቱ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ከተረቶቹም አብዛኞቹ ከአእምሮዬ ጠፍተዋል። መጠርጠሩን ግን አልተውኩም፤ የምጠረጥረውን ሰው ነው የቀየርኩት። ያን ቀን ከአያ ደምለው በቀር መንደሩ በሙሉ አንዴም ሳይሰናከል ምሎ ነው የተቀመጠው፤ ሌባውም ከእነሱ አንዱ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ደብረ ማርቆስ ገበያ ምላሱ እንደ ቅቤ የሚቀልጥ ነጋዴ ሲያናግረኝ፣ እጄ ሳላዘው ኪሴን ይዳብሳል። የሚንተባተብ ሰው ከገጠመኝ ግን ሸክሜን መሬት አውርጄ እጠብቀዋለሁ።