ከመድረክ ሥር የሰጠሁት ግጥም

ይቅርታ አልጠየቅሁም። ይህን ከፊት ማስቀመጥ ይሻላል፤ ከተማችን መካነ ሰላም ውስጥ ወሬው በሌላ መልክ ይዞራልና። አንዱ ሽማግሌ ልካ ነው የታረቀች ይላል፣ ሌላው አልቅሳ ለምና ነው ይላል። ማልቀሱን አልክድም፣ አልቅሻለሁ፤ ግን ቤቴ ሆኜ፣ በሬን ዘግቼ ነው። የለመንኩት ሰው የለም።

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ዕድሜዬ ሃምሳን ዘሏል። የድሮ ዘፈን የምንወድ ሰዎች ማኅበር አለን። ሌላ ሥራ የለውም፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሻይ ቤት ተሰብስቦ ስለ አንጋፋ ዘፋኞች ማውራት ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም አለበት፤ በረመዳን ሻዩን ትተን ወሬውን እንቀጥላለን። አንድ ደንብ አለችን፦ ኮንሰርት የሄደ ለቀረው ያወራል። ደሴ ድረስ ግማሽ ቀን መንገድ ነው፣ ሁሉም ሰው አይችለውም። ስለዚህ የሄደው ሰው ዘፋኟ ምን ለብሳ እንደወጣች፣ የቱን ዘፈን እንዳስቀደመች፣ ድምጿ የት ላይ እንደተሰበረ፣ አንድ ሳያስቀር ይናገራል። በዚህ እኔን የሚያህል የለም። ጉራ አይደለም፣ እነሱም ያውቁታል።

ወሬው በተነሣበት ጊዜ ደሴ የመጣችው ድምጻዊት፣ እኔ ልጅ ሳለሁ በሬዲዮ ስሰማት ያደግኋት ናት። በዕድሜ እናቴን ታክላለች። ትልቅ ሰው ሁሉ አንቱ በሚባልበት አገር እሷን አንቺ ነው የምንላት፤ የልብ ሰው አንቱ አይባልም። ስምንት ሆነን በሚኒባስ ሄድን። ዝግጅቱ እሁድ ከሰዓት ነበር፤ እኔም እንደ ልማዴ ሰው እየገፋሁ፣ እየተሰደብኩ፣ መድረኩ ሥር ደረስኩ።

አቤት ስትወጣ! ሁለት ዘፈን ተጫወተች። ድምጿ ሻክሯል፣ አልዋሽም። ቢሻክርስ? በሃያ ዓመቷ የማታውቀውን ነገር ነው አሁን የምትዘፍነው። ሦስተኛው ግን ሁላችንም በቃላችን የምናውቀው ዘፈን ነበር፤ መሃሉ ላይ ስትደርስ ዝም አለች። የሙዚቃ ባንዱ ይመታል፣ እሷ ማይኩን ይዛ ቆማለች። ሕዝቡ አውቃ የተወችው መስሎት ያጨበጭባል። እኔ ከሥሯ ነኝና ዓይኗን አየሁት። ቃሉ ጠፍቶባታል። ያቺን የመሰለች ሴት ፈርታለች።

በእኛ አገር ሠርግ ዘፋኝ ዝም ብትል ነውር የለውም። ዝም ስትል ከታዳሚው አንዱ ይነሣና «ተቀበይ!» ብሎ ሁለት መስመር ግጥም ይሰጣታል፤ እሷም ያንኑ ተቀብላ በዜማዋ ትዘፍነዋለች። ሰጪውም ይመሰገናል፣ ተቀባይዋም ትመሰገናለች፤ ዝም ማለቷን ያስታወሰ ሰው አይገኝም። እኔ ከላላ በሚባል ገጠር ከሠርግ ሠርግ ስል ያደግሁ ነኝ። ደሴ አዳራሽ ውስጥ፣ በቲኬት በተገባበት፣ ያለ የሌለ ድምፄን አውጥቼ «ተቀበይ!» አልኳት።

«መንገዱ ጭቃ ነው ከላላ እስክደርስ፣
በቅሎዬ ደከመች እኔስ አልመለስ።»

ግጥሙ እዚያው የመጣልኝ ነው፤ ያን ያህል የሚያስመካም አይደለም። እሷ ግን ዞር ብላ አየችኝና ተቀበለችው። አንዴ አለችው፣ ደገመችው፣ በሦስተኛው ሕዝቡ አብሯት አለ። በዚያ መሃል የራሷ ቃል ተመለሰላትና ዘፈኑን አሳምራ ጨረሰችው። አንድ ጥበቃ ክንዴን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተኝ። እየሳቅሁ ነው የተጎተትኩት።

መዘዙ የመጣው ከተመለስን በኋላ ነው። ከማኅበራችን አንዱ፣ ስልክ የሚጠግነው ጎልማሳ፣ ቀርጾን ነበርና ቴሌግራም ላይ ለቀቀው፤ ሌላው ወስዶ ፌስቡክ ላይ ጫነው። ቪዲዮው ላይ የሚታየው ዘፋኟ ቆም ስትል አንዲት ሴት ጮኻ ስታቋርጣት፣ ከዚያ ጥበቃ ሲጎትታት ነው። ሰው ያላለኝ የለም። ባለጌ አሉኝ፣ ገጠሬ አሉኝ፣ ሰካራም አሉኝ። ሰካራም! ወላሂ ከሻይ በቀር የማውቀው የለም። ይሁን፣ የማያውቀኝ ሰው ቢሰድበኝ አልሞትም። አንጀቴን ያሳረረኝ የራሴ ማኅበር አሰደበችን ማለቱ ነው።

ቅዳሜ ስሄድ የኮንሰርቱን ወሬ ሳሰናዳ ሰንብቼ፣ ከየት እንደምጀምር እያሰብኩ ነበር። ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ግን ሰውን ሁሉ ተማሪ ያደርጋሉ። አላስወሩኝም። አንጋፋ ሰው መድረክ ላይ ማቋረጥ ነውር መሆኑን፣ የአገሩ ስም በክፉ መነሣቱን ተናገሩና፣ ይቅርታ ስትጠይቂ ተቀርጾ ይለቀቅ፣ አለዚያ ስምሽ ከመዝገብ ይሰረዛል አሉኝ። ይሄኔ ስልክ ጠጋኙ ቪዲዮውን እየመላለሰ ሲያይ ቆይቶ፣ ዝምታው እኮ በዛ፣ እንደው ረስታው ይሆን እንዴ አለ። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሩ።

«ከሥሯ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ረስታው ነው?»

አዎ ብል በዚያች ቅጽበት ነጻ ነኝ። ባለጌዋ ቀርታ ጎበዝ ልባል ነው። ግን ያን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። ባለፈው ዓመት የአንድ አንጋፋ ዘፋኝ ድምፅ መድረክ ላይ ቢቆረጥበት፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ክብሩን ይዞ ቤቱ ይቀመጥ ብለው የፈረዱበት እነሱ ናቸው። እኔ አዎ ባልኩ በሰዓቱ ያ ስልክ «ቃሏን ረሳች» ብሎ ለዓለም ይናገራል። ከዚያ ወዲያ ማን ይጠራታል? ከመድረክ አውርደውስ የት ሊያስቀምጧት ነው?

«አልረሳችም» አልኳቸው። «እኔ ነኝ ያቋረጥኳት።»

«እንግዲያው ይቅርታ ጠይቂ።»

«አልጠይቅም። ነገም ብትመጣ እጮኻለሁ።»

ሰረዙኝ። መዝገቡን አውጥተው፣ ፊቴ፣ በማስመሪያ አስምረው ሰረዙኝ። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ፤ ቤቴ ስገባ ነው ያለቀስኩት። ውሸት ተናግሮ መሰደብ እንዴት ያንገበግባል! ግን አንድም ቀን አልተጸጸትኩም።

ዓመት አለፈ። ደሴ ሌላ አንጋፋ ዘፋኝ ሲመጣ ሚኒባሱ ጥሎኝ ሄደ። እኔም በሕዝብ አውቶቡስ ሄጄ ከእነሱ ቀድሜ መድረኩ ሥር ቆሜ ጠበቅኋቸው። ይዩኝ ብዬ ነጠላዬን አራግቤያለሁ፣ ይህን አልደብቅም። የከበደኝ መመለሱ ነበር። ኮንሰርት አይቶ ለሰው አለማውራት ሆድ ይነፋል። ቀሚስ ልትለካ የመጣችን ሴት ሜትሬን ወገቧ ላይ እንደያዝኩ ስለ ክራሩና ስለ ሳክስፎኑ ሳወራላት፣ እጄን አንሥታ የሄደች አለች። ቅዳሜ ሲሆን የስፌት መኪናዬን አጥብቄ እረግጠዋለሁ፤ ሻይ ቤቱ ከሱቄ አይርቅም፣ ሳቃቸው እንዳይሰማኝ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ያቺው ድምጻዊት ሬዲዮ ላይ ቀረበች። እኔ ደንበኛ ይዤ አልሰማሁትም፤ እነሱ ሰምተዋል። ደሴ ላይ ቃሉ ጠፍቶብኝ ነበር፣ አንዲት ሴት ከሥር ግጥም ባትሰጠኝ እያለቀስኩ ነበር የምወርደው፣ ከዚያም ወዲያ መድረክ አልወጣም ነበር ብላለች። ራሷ ተናገረችው፤ መናገሩ የእሷ ነው፣ የእኔ አልነበረም።

ቅዳሜን አልጠበቁም። ሰብሳቢው ስልክ ጠጋኙን አስከትለው ሱቄ መጡ። የሬዲዮውን ነገር ነገሩኝና በሩ ላይ እንደቆሙ፣ «ምነው፣ ያን ጊዜ ብትነግሪን ምን ነበረበት?» አሉኝ። ቅር ያላቸው እሳቸው ናቸው እኮ! እግሬን ከመርገጫው አላነሣሁም።

«ጋሼ፣ ብነግራችሁ ኖሮ እሷን ምን ትሏት ነበር?»

መልሱን የሰጠኝ ስልክ ጠጋኙ ነው፤ መሬት መሬት እያየ።

«አበቃላት እንል ነበር» አለ። ቀጥሎም፣ «ዛሬ ጠዋት ሬዲዮውን ስሰማ ራሱ አበቃላት ብያለሁ» አለ።

መኪናዬን አቆምኩ። ያን ሰው በዚያች ቃሉ ይቅር አልኩት፤ ቢዋሽ ይቀለው ነበር። ለሰብሳቢው ግን ቅዳሜ እመጣለሁ፣ የምመጣው ይቅርታ ልጠይቅ ሳይሆን ያየሁትን ላወራ ነው አልኳቸው። ሄድኩ። ስሜን ሊመልሱ መዝገቡን ሲያወጡ ቆዩ አልኩና፣ ቆሜ፣ መጀመሪያ የእሷን ኮንሰርት፣ ቀጥዬ እነሱ ጥለውኝ የሄዱበትን፣ ሁለቱን እስከ መጨረሻው አወራሁ። ማንም አላቋረጠኝም።